ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ከተማ ዳር፦ 580፣ 1660 ሱፐር፣ 6600 ወይስ 3060?

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከታች ያለችው ጎረቤታችን እንጀራ ልትጋግር ምጣዷን ስትሰካ የኛ ቤት አምፖል ፈዘዝ ይላል። በዚያው ቅጽበት የታናሽ ወንድሜ ኮምፒውተር ጌሙ መሀል ድርግም ብሎ ይጠፋና ራሱ ይነሳ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን "ካርዱ ተቃጠለ!" እያለ በድንጋጤ ይጠራኝ ነበር። ካርዱ፣ የጌሙን ምስል የሚሠራው የኮምፒውተር ክፍል፣ አልተቃጠለም። ኃይሉ ሲወርድ ያንን ካርድ ይዞ መቆየት ያቃተው ርካሹ ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያከፋፍለው ዕቃ ነው።

ካርድ ምረጥልኝ የሚለኝን ሰው ስለ ጌም ከማውራቴ በፊት ሁለት ነገር የምጠይቀው ለዚህ ነው። ፓወር ሰፕላይህ ስንት ዋት ነው? ማታ ማታ ሰፈራችሁ ኃይል ይወርዳል? ዩቲዩብ ላይ ያሉት ንጽጽሮች በሰከንድ ስንት ፍሬም ይሰጣል ከሚለው ይጀምራሉ። መብራቱ ለማይዋዥቅበት ሰው ልክ ናቸው። እኛ አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ ያለን ሰዎች ግን ከዋቱ ብንጀምር ይሻለናል። ዋቱ ያነሰ ካርድ ሙቀቱም ያንሳል፣ ፓወር ሰፕላዩንም አያጨናንቅም፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ ዩፒኤሱ (በባትሪ ለጥቂት ጊዜ የሚይዘው ዕቃ) ሴቭ አድርጋችሁ እስክታጠፉ ድረስ ይይዛችኋል።

ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አዲስ ካርድ ለአብዛኞቻችን ርቋል። ስለዚህ የማወራው በዋናነት ስላገለገለ ካርድ ነው። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት በሳምንቱ ይለወጣል።

መጀመሪያ የኮምፒውተራችሁን ሳጥን እዩ። ብዙ ሰው ጌም የሚጀምረው ባገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ። ማሽኖቹ ጠንካራ ናቸው። ግን ፓወር ሰፕላያቸው ለቢሮ ሥራ የተለካ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ለካርድ የሚሆን ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ የለውም። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ካላችሁ ጂቲኤክስ 1650 ግዙ። 75 ዋት ነው፣ እሱንም ከማዘርቦርዱ ይወስዳል። ካርዱን ግን አገላብጣችሁ እዩት፤ አንዳንዱ 1650 የራሱ ገመድ የሚሰካበት ቦታ አለው፣ እሱ ለእናንተ አይሆንም። አቅም ካላችሁ ባለ 6 ጊጋው አርቲኤክስ 3050 ይበልጣል። 70 ዋት ብቻ ነው የሚወስደው። ሳጥኑ ቀጭን ከሆነ ቁመቱ አጭር የሆነውን ዓይነት ፈልጉ፣ ያለዚያ አይገባም።

ገመድ ለሌለው ፓወር ሰፕላይ፣ ከሃርድ ዲስክ ገመድ ወደ 8 ፒን የሚቀይር አዳፕተር "ይኼ ይሠራልሃል" ብሎ የሚሸጥ ሰው ካጋጠማችሁ እምቢ በሉ። የሃርድ ዲስኩ ሳታ ገመድ ቢበዛ 54 ዋት ቢሸከም ነው። ባለ 8 ፒኑ ካርድ ደግሞ በዚያ በኩል እስከ 150 ዋት ሊስብ ይችላል። የቀለጠ አዳፕተር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ፕላስቲኩ ጠቁሮ ከፒኑ ጋር ተጣብቆ ነበር፣ በፒንሳ ነው ያወጣነው።

አሁን ወደ ደህናው ሳጥን። 500 ዋት ገደማ የሆነ፣ ስም ያለው ፓወር ሰፕላይ ላለው ሰው ቴሌግራም ላይ ቀድሞ የሚመጣለት አርኤክስ 580 ነው። ርካሽ ነው፣ 8 ጊጋ ሜሞሪ አለው፣ ስለዚህ ዓይን ይስባል። እኔ ግን አልመክረውም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ካርድ ነው፣ 185 ዋት ይበላል፣ ዕድሜውን ደግሞ ብዙ ጊዜ ማይኒንግ (ዲጂታል ገንዘብ ማምረት) ላይ ነው ያሳለፈው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቀር የዚህ ዓይነት ካርድ ያገለገለ ዕቃ ገበያውን አጥለቀለቀው። ማይኒንግ ላይ የኖረ ካርድ ሁሉ ይበላሻል አልልም። ፋኑ፣ ቴርማል ፓዱ (ሙቀት የሚያስተላልፈው ለስላሳ ንጣፍ) እና ሜሞሪው ግን ሌት ተቀን ሲሠሩ ነው የከረሙት።

ሌላም ጣጣ አለው። ወንድሜ የመጀመሪያ ካርዱን ሲገዛ ሻጩ 580 ነው አለው፣ ካርቶኑም 580 ይላል። ቤት አምጥተን ጂፒዩ-ዚ የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም ስንከፍት ሼደርስ (የካርዱ ትናንሽ የማስሊያ ክፍሎች ብዛት) በሚለው ቦታ ላይ 2048 ይላል። እውነተኛው 580 ላይ 2304 ነው መሆን ያለበት። 2048 የሚለው በቻይና ገበያ በዚሁ ስም የወጣ፣ በአቅሙ ግን 570 የሆነ ካርድ ነው። ካርዱ ይሠራል፣ እሱን አልክድም። ወንድሜ የከፈለው ግን የ580 ዋጋ ነው። ሻጩ ጋ ስንደውል ስልኩ አይነሳም። ልጁ ያንን ብር በስንት ወር እንዳጠራቀመው ስለማውቅ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ከ580 ጎን 1660 ሱፐርን ብታስቀምጡት ሁለተኛውን ውሰዱ። 125 ዋት ነው፣ በአብዛኛው ጌም ላይም ይፈጥናል። ሜሞሪው 6 ጊጋ መሆኑ ያንሳል፣ የሬይ ትሬሲንግ (ብርሃንና ጥላን እንደ እውነቱ የማስላት) ኮርም ሆነ ዲኤልኤስኤስ (ምስሉን በኤአይ አሳድጎ ፍሬም የሚጨምረው የኤንቪዲያ ዘዴ) የለውም። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሬይ ትሬሲንግ ከሌለህ ጭራሽ አልከፍትም የሚሉ ጌሞች መጥተዋል። ኳስ፣ ጂቲኤ 5፣ ቫሎራንት የሚጫወት ሰው ግን ይህ ምንም አያስጨንቀው።

ዋናው ፍልሚያ አርኤክስ 6600 እና አርቲኤክስ 3060 መካከል ነው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2021 ነው የወጡት። ፉል ኤችዲ ሞኒተር ላይ የፍጥነት ልዩነታቸው ትንሽ ነው፣ 3060 በጥቂቱ ይቀድማል፣ በዓይን ግን ለይቶ ማወቅ ይከብዳል። ኤሌክትሪኩ ላይ ግን ይለያያሉ። 6600 132 ዋት፣ 3060 170 ዋት። አምራቾቹ የሚመክሩትም ለመጀመሪያው 450፣ ለሁለተኛው 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው። 38 ዋት ልዩነት ቁጥሩ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 650 ቪኤ የሚል ዩፒኤስ 650 ዋት ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ 360 ወይም 390 ዋት ነው። ካርዱ፣ ፕሮሰሰሩና ሞኒተሩ ተደምረው እዚያ ጣሪያ ላይ ሲጠጉ መብራት በሄደባት ሰከንድ ዩፒኤሱ ጪጪ ብሎ አብሮ ይጠፋል። 6600 ትንፋሽ መውሰጃ ይተውላችኋል።

3060ን የምመርጥበት አንድ ሁኔታ አለ። ከጌም ሌላ ሥራ ካላችሁ። በብሌንደር ሥሪዲ የምትሠሩ፣ ቪዲዮ ኤዲት የምታደርጉ፣ ቤታችሁ ውስጥ የኤአይ ሞዴል መሞከር የምትፈልጉ ከሆነ ኩዳ (እነዚህ ፕሮግራሞች ካርዱን ለስሌት የሚጠቀሙበት የኤንቪዲያ ሥርዓት) እና 12 ጊጋ ሜሞሪው ዋጋ አላቸው፣ 6600 እዚያ ላይ አይደርስበትም። ዲኤልኤስኤስም የ3060 ነው። ተመሳሳዩ የኤኤምዲ ዘዴ ኤፍኤስአር ግን ሁለቱም ላይ ይሠራል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ 8 ጊጋ የሆነ 3060ም አለ፣ ስሙ አንድ ነው፣ ግን የሜሞሪ መንገዱ ከ192 ወደ 128 ቢት ጠብቧል፣ ፍጥነቱም ቀንሷል። በ12 ጊጋው ዋጋ እንዳትገዙት።

ለጌም ብቻ ከሆነ ግን፣ ቤታችሁም እንደኛ ቤት ከሆነ፣ 6600 ግዙ። ወንድሜም አሁን ያለው እሱ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩንም አብረን ቀየርነው፣ ከዚያ ወዲህ በምጣድ ሰዓት አልጠፋም።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ አዲስ አርቲኤክስ 4060 አስመጡ። 115 ዋት ብቻ ነው፣ ከሁለቱም ይፈጥናል። አርኤክስ 6500 ኤክስቲን ግን እለፉት፤ 4 ጊጋ ነው፣ ከማዘርቦርዱ ጋር በአራት መስመር ብቻ ስለሚገናኝ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ይጎተታል።

አቧራውንም አትርሱ። የኛ ሰፈር መንገድ ግማሹ አስፋልት አልለበሰም፣ በበጋ ወራት የካርዱ ፋን ላይ ቀይ አፈር ይጋገራል። ከፍታችን ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፣ ፋኑ የሚያወጣው ሙቀት ከቆላ ባሕር ዳርቻ ያንሳል። ብርዱ ያካክስልናል፣ ግን የታፈነ ካርድን አያድንም። ስለዚህ ባለ ሁለት ፋን ምረጡ፣ በየሁለት ሦስት ወሩም በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። ስትጠርጉ ፋኑን በጣት ያዙት፣ እንዲሽከረከር አትፍቀዱለት።

ስትገዙ ሻጩ ጋ ሄዳችሁ አስከፍቱት። ጂፒዩ-ዚን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሼደርሱን ቁጥርና ሜሞሪውን አንብቡ። ከዚያ ካርዱን በሙሉ አቅሙ የሚያሠራውን ፈርማርክ የሚባል መፈተሻ ፕሮግራም 15 ደቂቃ አስሩጡት። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም እንግዳ ቀለም ከታየ፣ ፋኑ ከተንኳኳ፣ ሙቀቱ ሳይቆም ከ85 ዲግሪ በላይ ከወጣ ተዉት። የብሎኑን ራስም እዩ፤ ከተላጠ ካርዱ ተከፍቷል ማለት ነው፣ ለምን እንደተከፈተ ጠይቁ። "ዛሬ መብራት የለም፣ እመነኝ ይሠራል" ቢላችሁ ብሩን ኪሳችሁ ውስጥ እንዳለ ይዛችሁ ተመለሱ፣ መብራት ሲመጣ እንዲደውልላችሁ ንገሩት።