ጉማሬ ቁርስ እስኪደርስ አይጠብቅም

ከባቱ እስከ አርባ ምንጭ ያለውን የሐይቅ መስመር ሻንጣችንን በጀርባ አዝለን ከጓደኞቼ ጋር ዞረን መጣን። ሦስት ነን። እኔ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። አንዷ አብሮ አደጌ ስዊድን ነች። ሦስተኛው አዲስ አበባ የቀረ፣ ድርድር የሚችልበት፣ መንገዱን ሙሉ "ዳያስፖራዎቹ ደከማችሁ?" እያለ ሲያሾፍብን የከረመ ጓደኛችን ነው። ከተመለስኩ ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ የተጠቀምንባቸውን አገልግሎቶች እንዳየኋቸው ልጻፍ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ለወፍና ለአውሬ የሄደ ሰው አገልግሎትን በፎጣ ንጣት አይለካም። በዋይፋይም አይለካም። በማለዳ ነው የሚለካው። ሐይቅ ዳር ዋናው ነገር የሚያልቀው ከ12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ጉማሬ ሌሊቱን ሳር ሲግጥ አድሮ ጎህ ሲቀድ ወደ ውሃው ይመለሳል። ወፉም ከፀሐይ ጋር ይነሳል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይመጣና ሐይቁ ይናወጣል። ያኔ ጀልባ ላይ ያለ ሰው ካሜራውን ትቶ የጀልባውን ጠርዝ ነው የሚይዘው። ስለዚህ በየደረስንበት የምጠይቀው ይህን ብቻ ነበር፦ ይሄ ሰው፣ ይሄ ሆቴል፣ ይሄ ቢሮ ማልዶ ይነሳል ወይ?

ትራንስፖርቱ ይነሳል። ማንም አይቀድመውም። ቃሊቲ መናኸሪያ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ እንደቀን ሞቅ ብሎ ነው ያገኘነው። አባዱላው ሞልቶ ሳይነጋ ወጣን። ከሞጆ ወደ ባቱ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ደግሞ የድሮውን ጉዞ ለሚያውቅ ሰው ሌላ ዓለም ነው። የማጉረመርመው በሻንጣ ሒሳብ ብቻ ነው። ረዳቱ ሻንጣችንን ፖርቶመጋላ ላይ ከጫነ በኋላ ነው ዋጋውን የነገረን። ከመጫኑ በፊት ተነጋገሩ፤ ከተጫነ በኋላ መደራደሪያ የላችሁም። ደግሞ የመንገዱን ሰላም ሾፌሮቹን ጠይቁ። በየቀኑ የሚመላለሱት እነሱ ናቸው። ከመሸ ደግሞ አትንቀሳቀሱ።

ባቱን፣ ማለትም የድሮዋን ዝዋይን፣ ብዙ ሰው በመኪና መስኮት አይቷት ነው የሚያልፈው። እኔ ግን ከጉዞው ሁሉ አንደኛ የምላት እሷን ነው። ዳርቻው ፊላና ሸምበቆ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ያጠመዱትን የሚያወርዱበት ቦታ ላይ አባ ኮዳዎች ቆመው ይጠብቃሉ። መላጣ ራስ፣ እከክ የመሰለ አንገት፣ ከደረት ላይ የተንጠለጠለ ሐምራዊ ከረጢት። ቁመታቸው ከሕፃን ልጅ ይበልጣል። የዓሣ አንጀት ሲወረወር ምንቃራቸው ቀጭ ሲል ይሰማል። አስቀያሚ ናቸው፤ ዓይን ግን ከነሱ ላይ አይነሳም።

አስጎብኚያችን የሰፈሩ ልጅ ነበር። ማታ ስንነጋገር "12 ሰዓት ላይ እዚህ ነኝ" አለን። እንደ ልማዳችን 1 ሰዓት ይመጣል ብለን ነበር። እኛ ስንደርስ ቆሞ እየጠበቀን ነው። የሠለጠነበት ወረቀት ይኑረው አይኑረው አልጠየቅኩም፤ ዓይኑ ግን የተለየ ነው። እኛ ቅጠል ብቻ በምናይበት ቦታ እሱ ወፍ ያያል። ውሃ ላይ በተንሳፈፉ ቅጠሎች እየተራመደ የሚበላ፣ ጣቶቹ ከልክ በላይ የረዘሙ አንድ ቡናማ ወፍ አሳየን። "ክንፉን ሳይሆን ከክንፉ ስር ያለውን እዩ" አለ። ከወፉ ብብት ቀጫጭን እግሮች ተንጠልጥለዋል። አባትየው ጫጩቶቹን ክንፉ ውስጥ ሸክፎ ነው የሚሄደው። በዚህ ወፍ ዘንድ እንቁላል የሚታቀፈውም ጫጩት የሚያሳድገውም ወንዱ ነው፤ እናትየው ጥላ ትሄዳለች። የስዊድኗ ጓደኛዬ "እኛ አገርማ ለዚህ የአባት ፈቃድ ይሰጣል" ብላ ሳቀች።

የሷን ጎረቤቶችም እዚያው አገኘናቸው። ከሚግጡት ከብቶች እግር ስር ጅራታቸውን እያወዛወዙ የሚሮጡ ሆዳቸው ቢጫ ትንንሽ ወፎች አሉ። ከእነዚህ የሚበዙት አውሮፓ ሲበርድ ወደኛ የሚወርዱ ናቸው። አንዳንዶቹ ከስዊድን ድረስ። ያለ ቪዛ፣ ያለ ሻንጣ ሒሳብ።

ባቱ ላይ ጀልባ የቀዘፈልን አንድ ጋሼ ናቸው። ከደሴቶቹ ሰዎች፣ ከዛዮቹ ናቸው። ጉማሬዎቹ ካሉበት ራቅ ብለው ሞተሩን አጠፉና መቅዘፊያ አነሱ። "ትንሽ ጠጋ እንበል ጋሼ?" አለ ጓደኛችን። "ልጄ፣ ቤቱ ነው። ከበር ላይ ሰላም ብለን እንመለስ" አሉት። ጉማሬዎቹ ጆሯቸውን እያርገበገቡ ሲያዩን ቆዩ። አንዱ አፉን ከፍቶ ሲያዛጋ ጥርሱ ላይ የተጣበቀውን አረንጓዴ ሳር አየሁ። ለጋሼ ከተስማማነው በላይ ስንሰጣቸው ትርፉን ለመመለስ ሲታገሉን ነበር።

ይህን ያነሳሁት በሌላ ሐይቅ፣ ስሙን በማልጠራው፣ ተቃራኒው ስለገጠመን ነው። ልጁ ጉርሻ ይበዛልኛል ብሎ ነው መሰለኝ ሞተሩን እያስጓራ ጉማሬዎቹ መሃል ሊገባ። ግልገል የያዘችም ነበረች። "ኧረ ተው ወንድሜ!" ብለን ጮኽን። "አትፍሩ፣ ለምደውናል" ይላል። ጉማሬ አይለምድም። ጀልባ የሚገለብጥ እንስሳ ነው። የሕይወት አድን ጃኬቱም ለሦስታችን አንድ ብቻ ነበር። ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ጃኬት ለሁሉም ሰው አለ ወይ፣ ከእንስሳው ስንት ሜትር ርቀህ ትቆማለህ? ሁለተኛውን ሲሰማ የሚስቅ ከሆነ ሌላ ጀልባ ፈልጉ።

አብያታ ሻላ ላይ ብዙ አልቆይም። ፓርኩ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው ይባላል፤ ከየብሱ ብዙው ግን እርሻና መንደር ሆኗል። የሻላ ጥልቀት 266 ሜትር ነው፤ ዳር ላይ ፍል ውሃ ይንፎለፎላል፣ ሰው ይታጠብበታል። አብያታ ግን ያሳዝናል። ለሶዳ አሽ ፋብሪካና ለመስኖ ውሃው ሲቀዳ ኖሮ ሐይቁ ሸሽቷል። ጨዋማነቱ ሲብስ ዓሣው ጠፋ። ሻላ ደሴት ላይ እየፈለፈሉ ለምግብ አብያታ ይመላለሱ የነበሩት ፔሊካኖችም ማዕዳቸው ተዘጋ። ፍላሚንጎ አየን፣ ከሩቅ። አብሮን የሄደው ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ጭቃው የት እንደሚያሰምጥ እያንዳንዷን እርምጃ ያውቃል። ያለ እሱ አትግቡ።

ሐዋሳ እንግዳ መቀበል ታውቃለች። አሞራ ገደል በጠዋት ስትሄዱ ዓሣ አጥማጆች መረብ ሲፈቱ፣ ሴቶች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሲገፍፉ፣ አባ ኮዳዎች ሲሻሙ ታያላችሁ። ትኩስ የዓሣ ሾርባ እዚያው ይጠጣል። ጥሬውን በዳጣ የሚበሉም ብዙ ናቸው፤ እኔ ሆዴን ስለማውቀው አለፍኩት፣ የአዲስ አበባው ጓደኛችን ግን ሁለተኛ ሰሃን አዘዘ። ከሐይቁ ዳር ዛፎች ላይ ጉሬዛዎች ጥቁርና ነጭ ካባቸውን ዘርግተው ቁጭ ብለዋል። እኛ ለነሱ አልከፈልንም።

ያረፍንበት ሆቴል ግን በማለዳ ፈተና ወደቀ። ክፍሉ ጥሩ ነው፣ ሙቅ ውሃ አለው፣ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ወዲያው ይነሳል። ቁርስ ግን ከ1 ሰዓት ተኩል በፊት አይታሰብም። ማታ "ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል እንወጣለን፣ ዳቦና እንቁላል ብቻ ጠቅልላችሁ አስቀምጡልን" አልን። "ችግር የለም" ተባልን። ጠዋት እንግዳ መቀበያው ጨለማ ነው። በሩ ተቆልፏል። ዘበኛው አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከወንበር ተነሱና "ጅብ ሳይገባ ወዴት ነው ልጆቼ?" አሉን። "ወፍ ልናይ አባባ።" ትንሽ ዝም አሉ። "ወፏስ የት ትሄድባችኋለች?" ብለው እየሳቁ ከፈቱልን። ከከተማው ሆቴሎች ብዙዎቹ የተሠሩት ለስብሰባና ለሠርግ ነው። እንግዳው ማልዶ ይወጣል ብሎ ያሰበ የለም። አንድ ቴርሞስ ሻይና የተቀቀለ እንቁላል ማታውን ማዘጋጀት ግን ምን ያህል ያስወጣል?

ወደ አርባ ምንጭ በሶዶ ነው የወረድነው። የከተማዋ ላይኛው ክፍል ሴቻ ላይ፣ ገደሉ ጫፍ አደርን። ከበረንዳው ሁለቱም ሐይቆች ይታያሉ፤ አባያ ቀይ ቡናማ፣ ጫሞ ሰማያዊ፣ መሃላቸው የእግዜር ድልድይ። አልጋው አጎበር አለው፤ አጎበሩ ደግሞ ቀዳዳ አለው። እዚህ ወባ ስላለ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ስንናገር ልጅቷ ወዲያው ቀየረችልን፣ ይቅርታም ጠየቀች። መርፌና ክር ይዛችሁ ሂዱ። ወባውን ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ጫሞ ላይ የማለዳ ሕጌ ትንሽ ተናጋ። አዞ እንደ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ 3 ሰዓት ሳይሆን ቦታው ላይ አታገኙትም። ፀሐይ ሲሞቅ ነው ለመሞቅ የሚወጣው። ስለዚህ ጀልባው ቢያረፍድም አልተጎዳንም። አዞ ገበያ የሚባለው ዳርቻ ላይ አፋቸውን ከፍተው ተኝተው አገኘናቸው። ከአምስት ሜትር የሚበልጡ አሉ። ከነሱ አለፍ ብሎ ሰው መረብ ይጥላል። የጀልባ ዋጋ በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በጀልባ ነው፤ መነሻው ላይ ሌሎች ጎብኚዎችን ጠብቃችሁ ተካፈሉት። እኛ ከዲላ የመጡ ተማሪዎች ተጋርተውናል። አንዷ ሙዝ ይዛ ነበርና ቁርሳችን ሆነ።

የነጭ ሳር ፓርክ ሜዳ መኪና ይፈልጋል፤ መንገዱም ለማንኛውም መኪና አይሆንም። በጀርባ ሻንጣ የመጣ ሰው ወደ አርባዎቹ ምንጮች የሚወስደውን ጫካ በእግሩ ይግባ። ጥላ አለ፣ ዝንጀሮና ጦጣ አለ፣ ከውሃው ዳር አርጃኖ ሲሮጥ አየን። የዚህን ፓርክ ታሪክ ግን እወደዋለሁ። በ1990 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች መንገድ ላይ መኪና የገጨው የሚመስል፣ በእንግሊዝኛ ናይትጃር የሚባል ማታ የሚበር ወፍ ሬሳ አገኙ። የተረፈው ክንፉ ነበር። በ1995 በዚያ አንድ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ። የአርባ ምንጩን አስጎብኚያችንን "አይተኸው ታውቃለህ?" አልነው። "ማታ መኪና ካመጣችሁ አብረን እንፈልገዋለን" አለ። የማታ ፈረቃ የሚሠራም አለ ማለት ነው።

ስለ ገንዘብ። ፓርክ በር ላይ ዋጋው ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ይለያያል። እኔ ቢጫ ካርዴን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን፣ አሳይቼ እንደ አገሬ ሰው ከፈልኩ። ጓደኛዬ አላወጣችም ነበርና የስዊድን ፓስፖርቷ አስከፈላት። ከመምጣታችሁ በፊት ኤምባሲውን ጠይቃችሁ አውጡ። ብሩ ሐምሌ 2016 ዓ.ም በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የድሮ የዋጋ ዝርዝር አይሠራም፤ ደውሉና ጠይቁ። ከተማ ውስጥ ቴሌብር ባጃጅ ላይ ሳይቀር ይሠራል። ሐይቅ ዳር ግን ኔትወርክ ይጠፋል፤ ዝርዝር ብር ያዙ።

ለወፍ ከሆነ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ሐዋሳ ላይ የጥምቀት ሰሞን አልጋ ብርቅ ስለሆነ ቀድማችሁ ያዙ። ስትይዙም ዘበኛው በስንት ሰዓት በር እንደሚከፍት ጠይቁልኝ።