ለኤርብራሽ የሚሆን ኮምፕሬሰር፦ ባለታንክ፣ ያለታንክ፣ የእጅ ወይስ የጋራዥ?

የዳግላስ ሲ-47 አውሮፕላን ሞዴሌ አንጸባራቂ ጥቁር መደብ ለብሶ ደርቆ ነበር። ብርማውን ቀለም እየረጨሁበት ሳለ ቀለሙን በአየር ከሚረጨው ብዕር መሰል ዕቃ፣ ከኤርብራሹ አፍንጫ አንዲት የውሃ ጠብታ ወጥታ ክንፉ ላይ አረፈች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ስለሆነ ለዚያ ሞዴል ሳምንታት ለፍቻለሁ። ብርማ ቀለም ደግሞ እርማት አይወድም፤ ክንፉን እስከ ፕላስቲኩ አጥቤ እንደገና ጀመርኩ። ጥፋቱ የኤርብራሹ አልነበረም። አየር ጨምቆ የሚሰጠው ኮምፕሬሰሬ ታንክም ውሃ መለያም ያልነበረው ትንሽዬ ዕቃ ነበር።

ኤርብራሽ ልጀምር ነው ለሚለኝ ሁሉ «መጀመሪያ ኮምፕሬሰሩን ምረጥ» የምለው ለዚህ ነው። መካከለኛ ኤርብራሽ ጥሩ አየር ካገኘ በደንብ ይሠራል። ውድ ኤርብራሽ በመጥፎ አየር ቀለም ይተፋል። ሞዴል ለሚቀባውም፣ ኬክ ለሚያስጌጠውም፣ ሄልሜት ላይ ለሚስለውም ነገሩ ያው ነው።

ባለ0.3 ሚሊ ሜትር አፍንጫ ኤርብራሽ በአክሪሊክ ቀለም ሲሠራ ከ1 እስከ 1.5 ባር የአየር ግፊት፣ ማለትም ከ15 እስከ 22 ፒኤስአይ ገደማ ይበቃዋል። በደቂቃ የሚወስደው አየርም ከ10 እስከ 15 ሊትር ያህል ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው «8 ባር» ለዚህ ሥራ ብዙም ትርጉም የለውም። የሚታየው በደቂቃ የሚሰጠው ሊትር፣ አየሩ ሳይቆራረጥ መምጣቱ፣ ደረቅ መሆኑና የሞተሩ ድምፅ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ለምንሠራ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ሒሳብ አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ፒስተኑ በየምቱ የሚስበው አየር የሳሳ ስለሆነ ታንኩ ለመሙላት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ ሞተሩም ይበልጥ ይሞቃል። በደቂቃ 10 ሊትር ብቻ እሰጣለሁ የሚል ትንሽ ማሽን እዚህ ሲመጣ ጨርሶ አቅም ያጣል። ዱባይ ወይም ጅዳ ላለ ወገን ይህ አያሳስበውም፤ የእሱ ፈተና እርጥበቱ ነው።

ያለታንክ እና ባለታንክ

ያለታንክ የሚሠሩት ርካሽና ለመሸከም ቀላል ናቸው። የሞተሩ አየር በቀጥታ ወደ ኤርብራሹ ስለሚሄድ ግን የፒስተኑ ትርታ እስከ እጅዎ ይደርሳል። ሰፊ ቦታ ሲቀቡ አይታወቅም። ቀጭን መስመር ሲስሉ ግን መስመሩ እንደ ተሰካ ዶቃ ነጠብጣብ ይሆናል። 3 ሜትር የሚደርስ የአየር ጎማ ትርታውን ያለዝበዋል እንጂ አያጠፋውም። ሞተሩም እስከሚያጠፉት ድረስ እረፍት የለውም። እንደ ኢዋታ ስማርት ጄት ያሉት ጣትዎን ሲያነሱ ራሳቸው የሚያቆሙ ጥሩ ሥሪቶች ናቸው፤ በዚያ ዋጋ ግን ባለታንክ ይገኛል።

ከባለታንኮቹ በብዛት የሚገኘው በተለያየ የንግድ ስም የሚሸጠው ኤኤስ-186 ነው። የፈረስ ጉልበቱ 1/6፣ ታንኩ 3 ሊትር፣ ዘይት የማይጨመርበት ፒስተን ያለው ሲሆን 3 ባር አካባቢ ሲደርስ ይነሳል፣ 4 ባር ላይ ራሱ ያቆማል። ብዙ ሰው ታንክ ካለው ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል ብሎ ይገዛዋል። እስቲ እናስላው፦ ከ4 ወደ 3 ባር ሲወርድ ከ3 ሊትር ታንክ የሚወጣው አየር 3 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ይህ ኤርብራሹን ከ12 እስከ 18 ሰከንድ ያሠራዋል፤ ከዚያ ሞተሩ ይነሳል። የታንኩ ጥቅም ሌላ ነው። ትርታውን ይውጣል። ተጨምቆ የጋለው አየር ታንኩ ውስጥ ቀዝቀዝ ሲል ውሃው እዚያው ይቀራል። እርስዎ ቀለም ሲቀይሩና ኤርብራሹን ሲያጥቡ ሞተሩ ያርፋል። በክረምት ወራት ከታንኩ ሥር ያለውን ቡሽ ስከፍት የሚወጣውን ውሃ ሳይ ያ ሁሉ ወደ ክንፉ ሊሄድ ነበር እላለሁ። በየሥራው መጨረሻ ማፍሰስን አይርሱ፤ ካልፈሰሰ ታንኩ ከውስጥ ይዝጋል።

ድምፁ ካርቶኑ ላይ 47 ዴሲቤል ተብሎ ይጻፋል፤ አጠገቡ ሆኖ ማውራት ይቻላል። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው የሚያስቸግረው ድምፁ ሳይሆን ንዝረቱ ነው፤ በወለሉ አድርጎ ታች ቤት ይገባል። ወፍራም ስፖንጅ ላይ ማስቀመጥ ብዙውን ይፈታል።

ለአብዛኛው ጀማሪ የምመክረው ይህንኑ ባለታንክ ነው፤ ሬጉሌተር (የግፊት ማስተካከያ) እና ውሃ መለያ አብረውት መኖራቸውን አይተው።

የእጅ ኮምፕሬሰር

ኤርብራሹ ሥር የሚገጠመው በባትሪ የሚሠራው ዓይነት መብራት ሲጠፋም ይሠራል፤ ይህ በእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ኬክ ለሚያስጌጥና ጥፍር ለሚሠራ ሰው ይበቃል። ለሞዴል ግን ክብደቱ የእጅ አንጓ ያደክማል፣ ግፊቱን እንደልብ ዝቅ ማድረግ በብዙዎቹ ላይ አይቻልም፣ ባትሪው ሲያረጅም ዕቃው አብሮ ያረጃል። ሁለተኛ ዕቃ ይሁን እንጂ የመጀመሪያ አይሁን።

የጋራዥ ኮምፕሬሰር፣ የፍሪጅ ሞተር

ጎሚስታ ቤት የሚታየው ባለ24 ሊትር ኮምፕሬሰር ከሁሉም ይጮኻል፤ ዘይት አልባው ዓይነት ከ90 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። ቤት ውስጥ አስነስቶ መቀባት የማይታሰብ ነው። ነገር ግን አንድ ብልሃት አለው። ከ8 ወደ 2 ባር እስኪወርድ ከ24 ሊትር ታንክ 144 ሊትር አየር ይወጣል። ቀን በረንዳ ላይ ሞልተው ካጠፉት ማታ አሥር ደቂቃ ያህል ያለ አንዳች ድምፅ ይቀባሉ፤ መብራት ቢሄድም አይቆሙም። አስቀድሞ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሌላ ከመግዛቱ በፊት ትንሽ ሬጉሌተርና ጥሩ ውሃ መለያ ገጥሞ ይሞክረው። መውጫው አብዛኛውን ጊዜ 1/4 ኢንች፣ የኤርብራሽ ጎማ ደግሞ 1/8 ስለሆነ መቀየሪያ ያስፈልጋል። ባጀርና ፓሼ የተባሉት የኤርብራሽ ሥሪቶች የራሳቸው ጥርስ ስላላቸው ኤርብራሹን ይዘው ሄደው ይግዙ።

ከድሮ ፍሪጅ ሞተር የሚሠራው ከሁሉም ዝምተኛው ነው፤ እንደ ሲል-ኤር ያሉት የፋብሪካ ሥሪቶችም የዚሁ ዓይነት ሞተር ያላቸው ናቸው። ማታ ማታ ለሚሠራ ሰው የሚያጓጓ ነው። ነገር ግን ሞተሩ በዘይት ስለሚሠራ ዘይቱ ከአየሩ ጋር ይወጣል፤ ቀለሙ ላይ ሲያርፍ ቀለሙ ከቦታው ይሸሻል፣ ክብ ክብ ባዶ ቦታ ይተዋል። የዘይት ማጣሪያ የግድ ነው። ለኬክ ጨርሶ አይሆንም። ግፊት ባለበት መነሳትም ያቅተዋል፤ ሲቆም የጎማውን አየር የሚለቅ ቫልቭ ይፈልጋል። እባክዎ፣ ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍስ ቫልቭ የሌለው፣ ከአሮጌ የጋዝ ሲሊንደር የተበየደ ታንክ ቤትዎ አያስገቡ። ሲፈነዳ ሰው ይገድላል።

ከአሜሪካ ለሚልክልን ዘመድ አንድ ቃል፦ የዚያው አገር ኮምፕሬሰር ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው። የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀይራል፣ ኸርዙን አይቀይርም፤ ሞተሩ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ፍጥነት አጥቶ ይበልጥ ይሞቃል። ኤርብራሹን ይላኩልን፣ ኮምፕሬሰሩን እዚህ እንገዛለን።

ሱቅ ሲሄዱ ሳይሰካ አይግዙ። ዲቫይደር ላይ አሰክተው ታንኩ ሲሞላ ራሱ ማቆሙን ይዩ፣ ከዚያ አጥፍተው አሥር ደቂቃ የጌጁን (የግፊት መለኪያውን) መርፌ ይጠብቁ። ከወረደ የሚያስተነፍስ መገጣጠሚያ አለ ማለት ነው፤ ጎሚስታው እንደሚያደርገው የሳሙና አረፋ ቢቀቡት ቦታውን ያሳይዎታል። ግፊቱን ሲያስተካክሉ ደግሞ ኤርብራሹን ተጭነው አየሩ እየወጣ ያንብቡት፤ ቆሞ ያነበቡት 1.5 ባር ሲረጩ ከ1 በታች ሊወርድ ይችላል። ባለሱቁ መሰካት አይቻልም ካለዎት አመስግነው ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፉ።