ያላስደሰተ የአፍንጫ ኦፕሬሽን፦ በእረፍት ጊዜ ማስደገም ያዋጣል?

ለእረፍት አገር ቤት የገባ ሰው ያልወደደውን አፍንጫ «እግረ መንገዴን ላስደግመው» ማለቱ አይቀርም። ጊዜው ለምርመራ ይበቃል፤ ለቀዶ ሕክምናው ግን አይበቃም።

የከአንገት በላይ ሐኪሙ ምርመራ የሚመሰገን ነው። ስለ መልክ ከማውራቱ በፊት አተነፋፈስን ይፈትሻል፦ ጉንጭ በጣት ወደ ጎን ሳብ ሲደረግ አየሩ ከተከፈተ የጠበበው የአፍንጫው ቫልቭ (አየር የሚያልፍበት ጠባቡ በር) ሊሆን ይችላል፤ በስፕሬይ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ የውስጡ ሥጋ አብጧል ማለት ነው። ከዚያ ጫፉ ላይ ጥጥ ባለው እንጨት መሃል ግድግዳውን ገፋ ገፋ ያደርጋል። ካርቲሌጅ (አጥንት መሰሉ ተለማጭ አካል) ያለበት ቦታ ይገትራል፣ ቀድሞ የተወሰደበት እንደ ጨርቅ ይረግባል። ብዙ ነገር የሚወሰነው በዚህች ፍተሻ ነው። ከግድግዳው የላይኛውና የፊተኛው ጠርዝ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ያህሉ ካልቀረ አፍንጫው ሊሰረጉድ ይችላል። ለማስተካከያ የሚወሰድ ትርፍ ካርቲሌጅ እዚያ ከሌለ ወደ ጆሮ ወይም ወደ ጎድን ይኬዳል። የጆሮው ጎባጣና ለስላሳ ስለሆነ ለጫፍና ለክንፍ እንጂ ለድጋፍ ብዙም አይሆንም። የጎድኑ ጠንካራ ነው፤ ግን ቆይቶ ሊጣመም ይችላል፣ ደረት ላይም ጠባሳ ይተዋል።

አፍንጫው ወደፊት ምን እንደሚመስል የሚያሳየው የኮምፒውተር ምስል አያሳምንም። ቆዳ ስክሪን ላይ እንደሚታየው አይታዘዝም፣ ወፍራም ከሆነና ውስጡ ጠባሳ ከያዘማ ጭራሽ።

ቅር የሚያሰኘው ቀጠሮ ክፍሉ ነው። የመጀመሪያው ኦፕሬሽን መቼ እንደተሠራ ሳይጠይቁ «ከመመለስዎ በፊት እናደርስልዎታለን» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 12 ወር ይጠበቃል፤ ጫፉ ቆዳው ወፍራም ከሆነ ከዚያም በላይ አብጦ ይቆያል። ከጫፉ ከፍ ብሎ የሚታይ ጉብታ እብጠት፣ ጠባሳ ወይም ሳይቀነስ የቀረ ካርቲሌጅ ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ ሲያዩት ሁሉም አንድ ነው። እብጠቱ በጊዜ ይጎድላል፣ ጠባሳው በልኩ በተሰጠ የስቴሮይድ መርፌ ሊቀንስ ይችላል (ሲበዛ ቆዳ ያሳሳል)፣ ቢላዋ የሚፈልገው በዋናነት ሦስተኛው ነው። ስፕሊንቱስ (ከኦፕሬሽን በኋላ አፍንጫውን የሚደግፈው) በሳምንት ገደማ ይነሳል፤ ኢንፌክሽን ግን ሰውየው ከተሳፈረ በኋላም ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ ማን ያየዋል?

«እስከዚያ በፊለር (በመርፌ በሚገባ መሙያ) እንሙላው» ቢባልም መጠንቀቅ ነው። አንዴ በተከፈተ አፍንጫ የደም ሥሮቹ እንደ ድሮው አይሄዱም፤ ፊለሩ የደም ሥር ከዘጋ ቆዳው ሊሞት ይችላል፣ ዓይንም ሊጠፋ ይችላል።

ለምርመራ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያውን ኦፕሬሽን ሪፖርት ይያዝ፦ ምን ተወሰደ፣ ምን የት ተተከለ፣ ሲሊኮን ገብቷል ወይ። እሱ ከጠፋ ከኦፕሬሽኑ በፊት ከፊትና ከጎን የተነሱ ፎቶዎችም ይረዳሉ።