የድሮው ሃርድቶፕ እና አዲሱ ባለ ቱርቦ ላንድክሩዘር በጣርማበር ዳገት

ከአንኮበር እስከ መሐል ሜዳ ባለው አገር የላንድክሩዘርን ጉልበት የሚጠራጠር ሾፌር አይገኝም፤ ክርክሩ ያለው የትኛው ላንድክሩዘር ይበልጣል በሚለው ላይ ነው። አንጋፋዎቹ ሾፌሮች የድሮውን ባለ ስድስት ሲሊንደር ሃርድቶፕ የሚያህል መኪና ከዚያ ወዲህ አልተሠራም ይላሉ፤ ወጣቶቹ ደግሞ አዲሱን ባለ ቱርቦ የነዳ ሰው ወደ ድሮው አይመለስም ብለው ይከራከራሉ። ሁለቱንም በዚሁ በሰሜን ሸዋ መንገድ ላይ ነድቻቸዋለሁና፣ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ይጠቅማል ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ሁለቱም መኪኖች ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚያመርተው 70 የተባለው ሞዴል ናቸው። የድሮው የሚታወቅበት ሞተር እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ዋን ኤች ዜድ ሲሆን፣ 4.2 ሊትር የሆነ፣ ቱርቦ የሌለው፣ ወደ 130 የፈረስ ጉልበትና 285 ኒውተን ሜትር የሚያህል የመጎተት ኃይል ያለው የናፍጣ ሞተር ነው። አዲሱ ዋን ጂዲ የሚባል ባለ አራት ሲሊንደርና ባለ ቱርቦ ሞተር አለው። መጠኑ 2.8 ሊትር ብቻ ቢሆንም 204 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ የመጎተት ኃይሉም በአውቶማቲክ ካምቢዮ 500፣ በማንዋል ደግሞ 450 ኒውተን ሜትር ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ግን የተለኩት እንደ እኛ አገር አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን ጣርማበር ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል፣ ከዚያም በላይ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩን የሚስበው በራሱ አቅም ብቻ ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ 130 የነበረው የፈረስ ጉልበት ደብረ ብርሃን ሲደርስ ከ100 አይበልጥም። ቱርቦ ያለው ሞተር በአንጻሩ የሳሳውን አየር አምቆ ወደ ሲሊንደር ስለሚያስገባ አብዛኛውን ጉልበቱን ይዞ ይወጣል።

ይህ ልዩነት ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ሲወጣ በግልጽ ይታያል። የድሮው ሃርድቶፕ ሰውና ጭነት ሞልቶ ዳገቱን ሲጀምር ብዙም ሳይቆይ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ይወርዳል፤ ናፍጣ የሚረጭበት ፖምፓ ለከፍታው ካልተስተካከለለት ደግሞ የሚረጨውን ናፍጣ ሁሉ የሚያቃጥልበት አየር ስለማያገኝ ጥቁር ጭስ እየተፋ ይወጣል። ከፊቱ የተጫነ ሲኖትራክ ካጋጠመው ቀድሞ ለማለፍ የሚበቃ ጉልበት ስለማይኖረው እስከ ጣርማበር ዋሻ ድረስ ሊከተለው ይገደዳል። አዲሱ ያንኑ ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ሳይጨነቅ ይወጣል፤ ቀጥ ያለ መንገድ በተገኘበት አጭር ቦታም ቶሎ ቀድሞ ወደ መስመሩ ይመለሳል። እንዲህ ባለ መንገድ ከፊት ያለውን መኪና ሲቀድሙ ቶሎ አልፎ መመለስ መቻል የሕይወት ጉዳይ ነው። ስለዚህ በጉልበት በኩል ድሮ ይሻላል የሚለው አባባል ቢያንስ በእኛ ደጋ እውነት አይደለም፤ ብዙዎች ቅር ቢላቸውም ይህን በሙሉ እምነት እናገራለሁ።

በቁልቁለቱ ግን ነገሩ ይለያል። ከጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ የድሮው ትልቅ ሞተር በሁለተኛ ማርሽ መኪናውን አጥብቆ ስለሚይዝ ፍሬን መርገጥ የሚያስፈልገው በጥቂቱ ብቻ ነው። የአዲሱ አነስተኛ ሞተር እንዲህ አይዝም፤ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ኤ.ቢ.ኤስ. ያለው ጥሩ ፍሬን ቢኖረውም ያን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን እየረገጡ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል። አዲሱን ለመግዛት የወሰነ ሰው ማንዋሉን እንዲመርጥ የምመክረውም በዝቅተኛ ማርሽ ይዞ መውረድ ስለሚቀልለት ነው።

የድሮው መኪና ክብሩን የሚያገኘው ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ መንዝ ሲገባ ነው። ናፍጣው በመካኒካዊ ፖምፓ የሚረጭ በመሆኑ በሞተሩ ላይ የሚበላሽ ኮምፒውተርም ሆነ ሴንሰር የለበትም ማለት ይቻላል። በሩቅ ወረዳ ያለ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ በጆሮውና በእጁ ችግሩን ያገኘዋል፤ ፊልትሮውን፣ ፍሪሲዮኑን፣ የተሰበረውን ባሌስትራ እዚያው ይቀይረዋል። በበርሜልና በጀሪካን ተቀምጦ የከረመ ናፍጣም ብዙ አያስከፋውም። የአዲሱ ሞተር ግን ናፍጣውን የሚረጨው ከ2,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ስለሆነ፣ ውሃ ወይም ቆሻሻ ያለበት ነዳጅ ከገባ ኢንጀክተሮቹ ይጎዳሉ። ያን ጊዜ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል፤ ሞተሩም ራሱን ለመከላከል ጉልበቱን ይቀንሳል፤ መንስኤውን ለማወቅም የመመርመሪያ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ድረስ መሄድ ግድ ይሆናል። ወላድ ይዞ ከጓሳ አቅጣጫ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የሚሮጥ አምቡላንስ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥመው ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አያስቸግርም።

ስለ ምቾት ብዙ ማለት አያስፈልግም። የድሮው ሃርድቶፕ ከኋላ ያሉት ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ተሳፋሪውን ጉልበት ለጉልበት አገናኝተው የሚያስቀምጡ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 በፊት የተሠራው ደግሞ የፊቱም ባሌስትራ ስለሆነ ኮረኮንቹን አንድ በአንድ ያስቆጥራል። በአዲሱ ጋቢና ውስጥ መጮህ ሳያስፈልግ ማውራት ይቻላል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ኑሮው ደብረ ብርሃን ሆኖ በአስፋልት ወደ አዲስ አበባና ወደ ሸዋ ሮቢት የሚመላለስ፣ ነዳጁንም ከታወቀ ማደያ የሚቀዳ ሰው አቅሙ ከፈቀደ አዲሱን ይግዛ። ሥራው በመንዝና በአንኮበር የገጠር ቀበሌዎች የሆነ ጤና ጣቢያ፣ እርዳታ ድርጅት ወይም ነጋዴ ግን የድሮውን ቢይዝ ይሻለዋል፤ ዳገት ላይ መዘግየት ከመንገድ ላይ ከመቅረት ይሻላልና።

የድሮውን የሚገዛ ሰው ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ሲነሳ ማየት አለበት። በደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ደህና ከሆኑ ሞተሩ ቶሎ ይነሳል፤ መጀመሪያ የሚወጣው ነጭ ጭስም ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይለቅ ሰማያዊ ጭስ ካለ ዘይት እየበላ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ውሃው ላይ ዘይት መንሳፈፉን፣ ሞተሩ ሲነሳም አረፋ መውጣቱን ማየት ያስፈልጋል፤ በሙቀት ብዛት ቴስታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል) የተሰነጠቀ ሞተር በዚህ ይታወቃል። የሞተሩ ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ ሻጩ በማስረጃ ማሳየት ካልቻለ ገዢው የመቀየሪያውን ወጪ ከዋጋው ላይ ያስቀንስ። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀውም ገንዘቡን ሳይከፍል ይመለስና በሌላ ቀን ማለዳ ሳይነገር ይምጣ።