ሳልባትዮ «በፋይበር እናለብስልሃለን» ከሚሏችሁ ሽሹ

እጄ አሁንም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ዛሬ ከአጋሮ መንገድ ሞተሬን እየገፋሁ ነው ጅማ የገባሁት፤ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው።

የሞተሬ ሳልባትዮ፣ ቤንዚን መያዣው ማለቴ ነው፣ ከስር በዝገት ተበሳስቶ ያንጠባጥብ ነበር። መርካቶ አካባቢ ያለ አንድ ጋራዥ፣ ዓይነታቸውን ታውቋቸዋላችሁ፣ «ወንድሜ ቁጭ በል፣ ቡና ይምጣልህ» የሚሉት፣ ከውጭ ፋይበር እንለጥፋለን፣ ከውስጥ ሬዚን የሚባል ሲደርቅ የሚጠጥር ሙጫ እናለብሳለን፣ ዕድሜ ልክህን አታስበውም አሉኝ። 4,500 ብር። ሳልከራከር ቆጥሬ ሰጠሁ።

ጅልነቴን ልናገር። ሲያጥቡት እዚያው ነበርኩ። አንዱ ልጅ ኦሞና ውሃ ጨመረበት፣ ትንሽ ናጥ ናጥ አደረገው፣ ደፋው። ዝናብ እያካፋ ነው፣ ሳልባትዮው አልደረቀም፣ የቤንዚኑ ሽታ እንኳ አልለቀቀም፣ ሬዚኑን ገለበጡበት። እርጥብና ቅባት ያለበት ብረት ላይ ምን ይይዛል? ቤቴን ቀለም ሳስቀባ ግድግዳው ይድረቅ ብዬ ሁለት ቀን የጠበቅኩ ሰውዬ እዚህ ቡናዬን ፉት እያልኩ ዝም።

በአምስተኛው ቀን፣ ዛሬ ማለት ነው፣ ሞተሩ ትን ትን ይለው ጀመር፣ ከዚያ ቀጥ። እየገፋሁ ወሰድኩላቸው። ባለቤቱ ክዳኑን ከፈተ፣ በስልኩ መብራት አየ፣ ጣቱን ሰደደና እንደ ወተት ስልባቦት የተጨማደደ ቢጫ ነገር ጎትቶ አወጣ። ፊልትሮውም ካርብሬተሩም በዚሁ ሙጫ ተደፍኗል። ቀና ብሎ አየኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ቤንዚን ቀዳህበት እንዴ?»

ሳልባትዮ እኮ ነው! ምን ልቀዳበት፣ ሻይ? ልጆቹ ሳቁ፤ አንደኛውማ ሆዱን ይዞ። ጥግ ላይ ያለውን ጣሳ ያየሁት ያኔ ነው፦ የውሃ ታንከር መጠገኛ። ብሬን ስጠይቅ «የጉልበት ነው፣ አይመለስም» ብሎኝ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

ማታ የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ ሲያነብልኝ፣ አሜሪካ ውስጥ እንኳ ቤንዚን ላይ ኤታኖል የሚባለው አልኮል መቀላቀል ሲጀመር የድሮ ጀልባዎች የፋይበር ሳልባትዮ እየላላ ሞተር ያበላሽ ነበር አሉ። ጀልባ ሠሪዎች የተቸገሩበትን እነዚህ በውሃ ታንከር ማጣበቂያ ሊገላገሉት!

ለማንኛውም ጣሳውን አሳዩኝ በሉ፤ ቤንዚን ይችላል የሚል ካልተጻፈበት ያገለገለ ሳልባትዮ ፈልጉ። እኔ ነገ ካርብሬተር ማጠቢያ ደግሞ ልከፍል ነው።