ቀፎዋ አሥራ አንድ ወር ሞላት፦ ለሁለት ሰው የምትሆን ትንሽ ተሳቢ

መጀመሪያ ስሟን ልንገራችሁ። ቀፎ ትባላለች። ስሙን ያወጡላት ሐይቅ ዳር ያገኘናቸው አንድ አባት ናቸው። በዱላቸው ጎኗን ቆርቆር አደረጉና «ልጆቼ፣ ይቺ የንብ ቀፎ ናት ወይስ የሰው?» አሉን። «የሰው ናት አባባ፣ እንተኛባታለን» አልናቸው። ትንሽ አሰቡ። «እና ቤት የላችሁም?» ባለቤቴ ነገሩን ባስታወሰችው ቁጥር እስካሁን ትስቃለች። የደሴ ልጆች ደግሞ የአይስክሬም ጋሪ ትመስላቸዋለች። ፒያሳ ላይ ብር ይዘው የተከተሉን አሉ።

ልጆቻችን ለትምህርት ከቤት ከወጡ በኋላ ሁለት ቀርተናል። ቅዳሜና እሑድ ከከተማ ወጣ ማለት እንወዳለን። ድንኳን ሞከርን። በሁለተኛው ሌሊት የቦሩ ሜዳ ንፋስ ድንኳኑን እላያችን ላይ ጣለው። ባለቤቴ ወገቧን ይዛ «ከእንግዲህ መሬት ላይ ብተኛ ምን አለ በሉኝ» አለች። ሆቴልማ ሞልቷል። ግን ጎህ ሲቀድ ውሃው ዳር ጀበና መጣድን ሆቴል አይሰጥም።

ውጭ አገር እንዲህ ያለች ትንሽ የመኝታ ተሳቢ አዲስ ነገር አይደለችም። አሜሪካኖች የእንባ ዘለላ የመሰሉትን እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ፣ ብዙዎቹን በየጓሯቸው በእጃቸው፣ ሲሠሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ካናዳ ዊኒፔግ ውስጥ ቦለር የምትባል የፋይበር ተሳቢ ተሠራች። እንቁላል ነው የምትመስለው። የላይና የታች ቅርፊቷ ለየብቻ ተጋግሮ መሐል ላይ ይጋጠማል። ስለዚህ ውሃ የሚገባበት ስፌት ብዙም የላትም። ልቤ እሷ ላይ ነበር። ዋጋውን፣ መርከቡንና ቀረጡን ስደምር ልቤን መለስኩት።

ኮምቦልቻ ብየዳ ቤት ሄድን። ከኢንተርኔት ያወረድኩትን ንድፍ ይዤ ነበር፤ የዚህ ንድፍ ጣጣ ወደኋላ ይመጣል። አጽሟ ቱቦላሬ፣ ልብሷ ላሜራ፣ ወለሏ ኮምፔርሳቶ ነው። ርዝመቷ 2.44 ሜትር። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ የአንድ ኮምፔርሳቶ ርዝመት ነው፣ ቆርጦ መጣል የለም። ወርዷ ሜትር ከሃምሳ፣ የውስጥ ቁመቷ ሜትር ከሃያ። ተቀምጦ መጫወት ይቻላል። ቆሞ ሱሪ መልበስ የለም። ሁሉም ነገር ከነፍራሹ ወደ 230 ሺህ ብር ፈጀ። ዛሬ በዚህ ዋጋ ትሠራለች አልላችሁም፤ የላሜራ ዋጋ ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ ነው።

አንድ ብልህ ነገር አድርገናል፤ ሐሳቡ የበያጁ ነው። ቸርኬና ጎማዋ ከመኪናችን ጋር አንድ ዓይነት ነው። አንድ ስኮርት ለሁለቱም ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። እንዲህ ያለ ነገር የሚገዛም የሚያሠራም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ አልጋው ነው። ምድጃ አላት ወይ? መብራትስ? እኛም እንደዚያ ነበርን። ደሴ ለሚኖር ሰው ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ኪሎ ነው። ደሴ ያለችው ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በሁለቱ መሐል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። መሐሉ ላይ የሐረጎ ዳገት አለ።

መኪናችን አሮጌ ራቭ ፎር ናት፣ ቤንዚን፣ 2,000 ሲሲ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ይቀንሳል። ደሴ ላይ ሩቡን ያህል አጥቷል ማለት ነው። ተሳቢ ሳይታከልባት ድሮም የምታቃስት መኪና ናት።

ቀፎዋን ከብየዳ ቤት ያወጣናት ባዶዋን ነው። ዳገቱን በ2ኛ ማርሽ፣ የሙቀት መለኪያውን እያየን፣ አንዴ ቆመን ሞተሩን አቀዝቅዘን ወጣን። ዳገት ያስፈራል እንጂ አይገድልም። ችግሩ የመጣው በሳምንቱ ነው። ባለቤቴ ቤቱን አሳምራ ጫነችው፦ ድስት፣ ረከቦት፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ጋቢ በጋቢ ላይ። እኔም የመሣሪያ ሳጥን ጨመርኩ፣ ይኼ ሁሉ የእሷ ጥፋት እንዳይመስል። ሐረጎን በ4ኛ ማርሽ፣ እግሬን ፍሬን ላይ አድርጌ ስወርድ ቆየሁ። ግማሽ ላይ አንድ ሽታ መጣ። «ምን ተቃጠለ?» አለች። ፍሬናችን ነበር። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ መላላት ጀምሯል። ዳር ይዤ ቆምኩ። ከመኪናው ስወርድ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከኋላችን ሲንፏቀቅ የነበረ የከባድ መኪና ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አደረገና «ወንድሜ፣ በወጣህበት ማርሽ ነው የምትወርደው!» ብሎን አለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልቁለቱ ሳይጀምር 2ኛ ውስጥ እገባለሁ። ፍሬኑን አልፎ አልፎ ጠንከር አድርጌ ይዤ እለቀዋለሁ እንጂ አልተኛበትም። ከኋላ ጡሩምባ የሚያስጮህ ይኖራል። ያስጩህ።

ቀፎዋ የራሷ ፍሬን የላትም። አውሮፓ ውስጥ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ እንዳይበልጥ፣ የጎታቹን መኪና ክብደት ግማሽም እንዳያልፍ ሕግ አለ። እኔ ለሐረጎ ይህም ይበዛል ባይ ነኝ። ቀፎዋን ኮምቦልቻ የጭነት ሚዛን ላይ አወጣኋት። ባዶዋን 380፣ ከነጓዟ 470 ኪሎ። ኪሎ ስንቀንስ ወንበሮቹ፣ ትልቁ ድስትና ትርፍ ባትሪው ቤት ቀሩ፤ አሁን 430 ትገባለች። ረከቦቱ ግን ሳይቀነስ ቀረ። እዚያ ላይ ድርድር አልነበረም።

ከጠቅላላው ክብደት ሌላ ማንም ያልነገረኝ ነገር ነበር፦ አፍንጫዋ። የመጎተቻ ዘንጓ መኪናው ጋንቾ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ተሳቢው ጭራውን ይቆላል። የእኛዋ በ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ሐይቅ ስንሄድ ግራ ቀኝ መወዛወዝ ጀመረች። መሪውን አጥብቄ ይዤ ቤንዚኑን ለቀቅኩ፣ ቀስ ብላ ተረጋጋች። እንዲህ ሲሆን ደንግጦ ፍሬን መርገጥም፣ መሪ መጠምዘዝም ነገሩን ያባብሰዋል።

አፍንጫዋን በምን እንመዝን? ባለቤቴ ናት ያሰበችው። ፒያሳ ላይ ሚዛን ይዞ ሰው የሚመዝነውን ልጅ ጠራችው። ልጁ ሚዛኑን መሬት ላይ አደረገ፣ እኔ በላዩ አንድ ግንድ አቆምኩ፣ ዘንጓን አሳረፍንበት። ሰው ተሰበሰበ። 22 ኪሎ። ልጁ ቁጥሩን አይቶ «ከስታለች» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሱ ግን ልክ ነበር። ከ470 ቢያንስ 47 መሆን ነበረበት። ሁለቱ ጀሪካኖች፣ 40 ኪሎ ውሃ ማለት ነው፣ መጨረሻ ላይ፣ ጭራዋ ውስጥ ነበሩ። ወደ ፊት አመጣናቸውና ድጋሚ መዘንን። 55። ከዚያ ወዲህ ጭራዋን ቆልታ አታውቅም። የልጁን ሒሳብ ለሁለት ሰው ከፈልኩ። አሁን ባየን ቁጥር «ዛሬስ አትመዘንም?» ይላል።

ቀሪው የመንገድ ነገር አጭር ነው። ሰንሰለቶቹን ከዘንጉ ሥር አቆላልፋችሁ እሰሩ፤ ጋንቾው ቢለቅ ዘንጉ አስፋልት ላይ አይወድቅም። በቆማችሁ ቁጥር የጎማውን መሐል በእጅ ዳብሱ። የእኛ የቀኙ ኩሽኔታ በአምስተኛው ወር ጋለ፣ ግራሶው አልቆ ነበር። የፍሬቻ ሽቦ ሦስት ጊዜ ተበጥሷል።

ስለ መኝታው ያለኝ ምስጋና ብዙ ነው፣ ግን የመጀመሪያውን ሌሊት አልረሳውም። ታኅሣሥ ነበር፣ ሐይቅ ዳር። በሩንም መስኮቱንም ጥርቅም አድርገን ተኛን። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግንባሬ ላይ ጠብ አለ። ዝናብ መሰለኝ። ውጭ ሰማዩ በኮከብ ተሞልቷል። ያዘነበው ቤቱ ነው! ሁለት ሰው ተኝቶ በአንድ ሌሊት ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ በትንፋሹና በላቡ ያወጣል። ብርዱ ላሜራውን ሲያቀዘቅዘው ያ እርጥበት ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ይጠራቀማል። ፍራሹ ሥርማ ጭራሽ ወርዝቶ ነበር።

መፍትሔው ሁለት ነገር ሆነ። ጣሪያና ግድግዳውን ከውስጥ በነጭ ፎም አልብሰን በቀጭን ኮምፔርሳቶ ሸፈንነው፤ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ዓይነት ፎም ነው። ከታች አንድ፣ ከላይ አንድ የማይዘጋ ቀዳዳ ከነወንፊቱ አወጣን። ባለቤቴ «ብርድ ልታስገባብኝ ነው?» ብላ ተቃውማ ነበር። ደረቅ ብርድ በጋቢ ይመለሳል፤ እርጥቡን ነው ጋቢ የማይችለው። አሁን ፍራሹ ሥር ርብራብ እንጨት አለ፣ አየር ይዞርበታል።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም፦ ከሰል ወደ ውስጥ አይገባም። ፍሙ ጭሱ አልቆለት ቀይ ቢሆን እንኳ አይገባም። በእኛ አገር ብርድ ሲሆን ምድጃ ወደ ቤት ማስገባት የተለመደ ነው። ይቺን በምታህል ሳጥን ውስጥ ግን ሽታም ቀለምም የሌለው መርዙ ሳያስነቃ ይገድላል። ቡናችን ውጭ ነው የሚፈላው። ቡታጋዙም እንደዚያው።

ክረምቱ ሌላ ፈተና ነበር። የደሴን ሐምሌና ነሐሴ ለምታውቁት ማስረዳት አያስፈልገኝም። በሰኔ መጨረሻ በኋላ ጥግ በኩል መፍሰስ ጀመረች። በያጁ ሲሊኮን ቀባላት። በሁለት ሳምንት ተላጠ። ላሜራው ፀሐይ ሲመታው ይለጠጣል፣ ማታ ይሰበሰባል፣ ሲሊኮኑ መሐል ላይ ይቀደዳል። በኋላ መገጣጠሚያዎቹ ላይ እንደ ቆርቆሮ ቤት ክዳን የታጠፈ ላሜራ ደርበን በቡሎን አሰርነው። ቀጥ አለ። የቦለር እንቁላል እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል።

ጊዜው እንደልብ ረጅም መንገድ የሚኬድበት አይደለም። ስለዚህ የምናገረው የቅርብ መንገድ ልምድ ነው። ሐይቅ፣ ቦሩ ሜዳ፣ ኮምቦልቻ፣ አንዴ ባቲ፤ በቀን ብቻ፣ መንገዱን ጠይቀን። በአሥራ አንድ ወር ወደ 900 ኪሎ ሜትር ተጎትታለች፣ 19 ሌሊት አድረንባታል። ባቲ የሄድነው ለሰኞ ገበያ ነው። እሑድ ማታ ውስጧ እንደ ምጣድ ግላ እስከ እኩለ ሌሊት ደጅ ተቀመጥን። ለቆላ አልተሠራችም፣ ቢያንስ ጥላ ሳይኖር።

መብራቷ አንዲት ትንሽ ሶላርና ባትሪ ናት። ስልክ ትሞላለች፣ አምፖል ታበራለች፣ በቃ። ፍሪጅ የለንም፣ አልቸገረንም። በሶና ቋንጣ ፍሪጅ አይጠይቁም።

ሰው «ትቆጫለሽ?» ብሎ ባለቤቴን ይጠይቃታል። ለገንዘቡ አልቆጭም ትላለች፤ ለበሩ ግን ትቆጫለች። ንድፉን ካወረድኩበት ነው ነገሩ። ንድፉ የእንግሊዝ ነበር። እነሱ በግራ ይነዳሉ፣ ዳር የሚይዙትም በግራ ነው፣ በራቸውም በግራ ነው። እኔም በያጁም ሳናስተውል እንዳለ ገለበጥነው። እኛ አገር ዳር ተይዞ ሲቆም የግራው በር የሚከፈተው አስፋልቱ ላይ ነው። አንድ ማለዳ ሐይቅ መንገድ ዳር አቁመን ባለቤቴ በሩን ገፋ ስታደርግ አንድ አይሱዙ በክንድ ርቀት ሽው ብሎ አለፈ። በሩን መልሳ ዘጋችና በመስኮት በኩል ካልሆነ አልወጣም አለች። በመስኮት ነው የወጣችው።

ለኅዳር ከበያጁ ጋር ተቀጣጥረናል። ግራው ይበየዳል፣ ቀኙ ይቆረጣል።