ፒያሳ (ደሴ) ያለችው ፋርማሲ፦ ሳይጠይቁ አይሸጡም

የነርሲንግ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ይሄን የምጽፈው አክስቴ ላይ በደረሰው ነገር ነው።

አክስቴ የሐይቅ ሰው ናት። ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል። ሰፈሯ ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ሰጧት፤ አልሻለኝም ብላ ስትመለስ ኢቡፕሮፌን ጨመሩላት። ሁለቱ አንድ ዓይነት ማስታገሻዎች ናቸው፣ አብረው አይወሰዱም። እሷ ደግሞ ለግፊቷ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትውጣለች፤ በዚያ ላይ ዲክሎፌናክ ሲደረብ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ይሄን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፣ የእሷን የመድኃኒት ፌስታል ግን አንድ ቀን ከፍቼ አላየሁም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ፒያሳ የገባነው ትራማዶል የሚባል ጠንካራ ማስታገሻ ፍለጋ ነበር። ጎረቤት "እሱ ነው የሚያስተኛሽ" ብሏት።

"ማዘዣ አለዎት እማዬ?" አለች ፋርማሲስቷ። የለም። "እንግዲያው አልሰጥዎትም። ያዞርዎታል፣ ወድቀው ይሰበሩብኛል።"

ፌስታሉን ተቀብላ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። ስትሪፖቹ በመቀስ ተቆራርጠዋል፣ የአገልግሎት ዘመኑ የተጻፈበት ጫፍ የለም። አንድ በአንድ እያነሳች ለምን እንደምትወስደው ጠየቀቻት። ሰገራዋ ጠቁሮ እንደሆነም ጠየቀች፣ ጨጓራ ሲደማ እንደዚያ ይሆናላ። አልጠቆረም፣ አልሐምዱሊላህ።

ሁለቱን ማስታገሻዎች አስቁማ ፓራሲታሞል ሰጠቻት። ባለ 500 ሚሊ ግራም፣ 2 ፍሬ በቀን 3 ጊዜ። አክስቴ ማንበብ ስለማትችል ፓኬቱ ላይ በእስክሪብቶ የምትወጣ ፀሐይ፣ የቀትር ፀሐይና ጨረቃ ሣለችላት። የጉንፋን ኪኒን እንዳትደርብበትም ነገረቻት፣ ብዙዎቹ ውስጥ ፓራሲታሞል አለ፤ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ካለፈ ጉበት ላይ ነው የሚመጣው። ኩላሊቷን እንድትመረመርም ሐኪም ዘንድ ላከችን። አክስቴ "አብሽሪ ልጄ" ብላ መርቃት ወጣች።

የማይመቸኝም አለ። ምክሩ ሁሉ ባንኮኒ ላይ ነው፣ ከኋላችሁ የተሰለፈው ሰው ሕመማችሁን ይሰማል። መቀመጫው አንድ አግዳሚ ብቻ ነው። ዋጋውም ትንሽ ወደድ ይላል፣ እኔ ግን እከፍላለሁ።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። መድኃኒት ወስዳችሁ ያልሆነ ነገር ከተሰማችሁ ደግሞ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ነው፣ ደውሉ።

ሰኞ ግን አትሂዱ፣ ገበያ ስለሆነ ሰልፉ በር ላይ ይደርሳል።